ኮከብ ይወጣዋል ወይ?

የኤንቢኤ፣ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ድራፍት ሐዋሳ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጀምራል። ኒው ዮርክ ገና ምሽት ነው፤ እዚህ ባጃጅ እንኳ ከመንገድ ጠፍቷል። ለዚህ ብሎ ከእንቅልፉ የሚነሳ ሰው በከተማችን ብዙ አይደለም። ሐዋሳ የእግር ኳስ ከተማ ናት። እኛ ጥቂቶቹ ግን እንነሳለን። ሰኔ በመጣ ቁጥር ጋቢ ደርበን፣ ስልካችን ላይ አፍጥጠን፣ ማን ማንን ይወስዳል እያልን በቴሌግራም እንከራከራለን። ሲነጋ ክርክሩ ፒያሳ ማኪያቶ ላይ ይቀጥላል።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልበል። ድራፍት ማለት 30ዎቹ የኤንቢኤ ክለቦች በየዓመቱ አዲስ የሚገቡትን ወጣቶች በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ሁለት ዙር አለው። በጠቅላላው ወደ 60 ልጅ ይመረጣል። ደካማ ሆነው የጨረሱ ክለቦች ቅድሚያ ያገኛሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ተራዎች ግን በዕጣ ይለያሉ። ክለቦቹ ገንዘብም ባለሙያም አላቸው። ቁመት፣ የክንድ ርዝመት፣ የመዳፍ ስፋት፣ ዝላይ፣ ፍጥነት ይለካሉ። ሐኪም ይመረምራል። የልጁን ጨዋታ ደጋግመው ያያሉ፤ አሰልጣኞቹን ሁሉ ይጠይቃሉ። እንዲያም ሆኖ ይስታሉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ይስታሉ? ጓደኞቼ «ዕድል ነው» ይላሉ። ዕድልማ አለበት፤ እመለስበታለሁ። ግን ስህተቶቹን አንድ ላይ አድርጌ ሳያቸው መልካቸው ይመሳሰላል። መልማይ ልጁ ላይ የጎደለውን መቁጠር ይቀናዋል። የጎደለ ነገር በቀላሉ ይታያል፤ ለአለቃም ለማስረዳት ቀላል ነው። ኮከብ የሚሆነው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ትልልቅ ጉድለት ይዞ ነው የሚመጣው።

ኒኮላ ዮኪችን እንውሰድ። በ2014 ዴንቨር 41ኛ ላይ መረጠው። ስሙ ሲጠራ ቴሌቪዥኑ የፈጣን ምግብ ማስታወቂያ እያሳየ ነበር። ወፍራም ነው፣ ዘገምተኛ ነው፣ አይዘልም ተባለ። ሁሉም እውነት ነበር። ዛሬም ቢሆን ዮኪች አይዘልም። ግን በ2021፣ በ2022 እና በ2024 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። በ2023 ደግሞ ዴንቨርን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የኤንቢኤ ሻምፒዮን አድርጓል። 2 ሜትር ከ11 የሚረዝም ሰው፣ ኳሷ እጁ ከመግባቷ በፊት ለማን እንደሚሰጣት ያውቃል። ይህን ኤንቢኤ ገብቶ አልተማረውም። ሰርቢያ ውስጥ በ19 ዓመቱ ሲጫወትም ይታይ ነበር። ዝላይ በሴንቲሜትር ይጻፋል፤ እንዲህ ያለ ዓይን ግን የሚጻፍበት ሠንጠረዥ የለም።

ስቴፈን ከሪም እንደዚሁ ነው። አባቱ ዴል ከሪ የታወቀ የኤንቢኤ ተጫዋች ሆኖ ሳለ፣ ትልልቆቹ ኮሌጆች ልጁን ችላ አሉት። ዴቪድሰን የምትባል ትንሽ ኮሌጅ ገባ። በ2009 ድራፍት ሚኒሶታ 5ኛም 6ኛም ተራ ነበረው። ሁለቱንም በከሪ ቦታ ለሚጫወቱ ልጆች አዋለው፤ ከሪን አልፎ። ጎልደን ስቴት 7ኛ ላይ አነሳው። ቀጭን ነው፣ አጭር ነው፣ ዲፌንስ (መከላከል) አይችልም ይባል ነበር። በ2016 መራጮቹ በሙሉ ድምፃቸውን ለእሱ ሰጥተው የዓመቱ ምርጥ ተባለ። በኤንቢኤ ታሪክ እንዲህ በሙሉ ድምፅ የተመረጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ኬቨን ዱራንት ደግሞ በ2007 በተደረገው ምዘና 84 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ብረት አንድ ጊዜ እንኳ መግፋት አልቻለም። ብዙ ተወራበት። ግን ይህን የሚያህል ረጅም ልጅ ከየትም ቦታ እየወረወረ ሲያገባ፣ ብረቱ ምን ይሠራል? ብረት በጊዜው ይነሳል።

እስከዚህ ድረስ የምለው ነገር ቀላል ይመስላል። የጎደለውን ተው፣ የተለየውን ፈልግ። ነገሩ ግን በዚህ አያልቅም። የተለየ ነገር ያለው ሁሉ ኮከብ አይሆንም።

ሀሺም ታቢት ለእኛ ቅርብ ነው፤ የዳሬ ሰላም ልጅ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ21 ነው። ኮሌጅ እያለ ሪንጉ አጠገብ የሚወረወረውን ኳስ ሁሉ ይመታ ነበር። በ2009፣ ከሪ በተመረጠበት በዚያው ድራፍት፣ ሜምፊስ 2ኛ ላይ ወሰደው። ታንዛኒያም ምሥራቅ አፍሪካም ኮራ። ግን በኤንቢኤ በቆየባቸው ዓመታት በጨዋታ ከ3 ነጥብ በታች ነበር የሚያገባው። ይህን ስጽፍ ልጁን ለማሳነስ አይደለም። እዚያ መድረሱ ራሱ ተአምር ነው፤ ኳሱን የጀመረውም ዘግይቶ ነው። ጥያቄዬ ለመራጮቹ ነው። የዓለም ሕዝብ ውስጥ 2 ሜትር ከ21 የሚሆን ሰው በጣም ብርቅ ነው። ብርቅ ነገር ያዙ። ታዲያ ምን ጎደለ?

እዚህ ላይ ነው ለረጅም ጊዜ ሳሰላስል የኖርኩት ነገር የሚመጣው። የአንድን ልጅ ኮከብነት ልጁ ላይ ብቻ ማየት አይቻልም። ሌሎቹ ዘጠኝ ተጫዋቾች ላይ ነው የሚታየው። ከሪ መሐል ሜዳውን ሲያልፍ ተከላካዮቹ ከሪንጉ ይርቃሉ። ኳሱን ባይዝም ይከተሉታል። እነሱ ሲወጡ ጓደኞቹ ከኋላ ባዶ ሜዳ ያገኛሉ። ዮኪች ጀርባውን ሰጥቶ ሲቆም የተጋጣሚ አሰልጣኝ ሁለት ሰው ልላክበት ወይስ አልላክ እያለ ይጨነቃል። ሁለት ሰው ከላከ ኳሷ ነፃ ወደቀረው ሰው ትሄዳለች። አንድ ሰው ከላከ ዮኪች ራሱ ያገባል። ተጋጣሚው የሚመርጠው ሁሉ መጥፎ ነው። ታቢት ኳስ ሲይዝ ግን ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ቁመቱ የእሱ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ የሌላውን ሰው ሐሳብ አላስቀየረም።

ስለዚህ አንድ ልጅ ሳይ መጀመሪያ የማየው የሚጠብቁትን ልጆች ነው። ኳስ ሲይዝ ይደነግጣሉ? ሁለተኛው ሰው ይመጣል? ጓደኞቹስ? ኳሷ ይመጣልኛል ብለው መሮጥ ይጀምራሉ ወይስ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ያዩታል? ሃያ ነጥብ የሚያገባ ልጅ ሞልቷል። ጓደኞቹ ቆመው የሚያዩት ልጅ ግን ሃያ ቢያገባም ሠላሳ ቢያገባም ያስፈራኛል።

ይህን ያስተማረኝ ኤንቢኤ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ልጆች በምናሠራበት ሜዳ ላይ አንዲት ልጅ አለች። አጭር ናት። ተሰልፈው ሌይ አፕ (ሮጦ ሪንጉ ሥር ማግባት) ሲሠሩ ዓይን አትገባም። ዝላይ ሲለካ ከመሐል ናት። አምስት ለአምስት ሲጀመር ግን ጉድ ይታያል። ኳሷን እንደያዘች ጓደኞቿ በአራት አቅጣጫ ይበተናሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ከእሷ ጋር የሮጠ ኳስ እንደሚደርሰው ስላወቁ ነው። ሌላ ቡድን ውስጥ ስናስገባት ያኛው ቡድን ደግሞ መሮጥ ይጀምራል። እንግዲህ ይህን በየትኛው ሜትር ይለኩታል?

ኤንቢኤ ትደርሳለች፣ አሜሪካ ትሄዳለች እያልኩ አይደለም። ግን የችሎታው ዓይነት ያው ነው።

እኛ ሀገር መመልመል ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «ቁመቱ ስንት ነው?» የሚል ነው። መንገድ ላይ ረጅም ልጅ ሲያይ «ይሄ ባስኬት ነበር መጫወት ያለበት» የማይል ሰው የለም። በተለይ ከጋምቤላ ወይም ከደቡብ ሱዳን የመጣ ልጅ ከሆነ ገና ስሙን ሳይነግረን ሴንተር እናደርገዋለን። ከሪንጉ ሥር እናቆመዋለን። ድሪብል (ኳስ እያነጠሩ መንዳት) እንዳትሞክር፣ ይዘህ ለአጭሩ ስጥ እንለዋለን። ይህ ያናድደኛል። ልጁን በቁመቱ መርጠን፣ በዚያው በቁመቱ እናሥረዋለን። ደቡብ ሱዳን በ2024 ኦሎምፒክ ላይ ያየነው ቡድን እንዲህ አይጫወትም ነበር። ረጃጅሞቹም ይሮጡ ነበር፣ ከሩቅ ይወረውሩ ነበር፣ ኳስ ያቀብሉ ነበር። ከኦሎምፒኩ በፊት ለንደን ላይ አሜሪካን ገጥመው በ1 ነጥብ ብቻ ነው የተሸነፉት፤ 101 ለ100። ለዚያ ቡድን በ17 ዓመቱ ፓሪስ ላይ የተጫወተው ካማን ማሉአች ያደገው ኡጋንዳ ነው። በ2025 10ኛ ሆኖ ተመርጦ ወደ ፊኒክስ ሄደ። ካምፓላ እና ሐዋሳ ያን ያህል አይራራቁም።

አሁን ለራሴ መለኪያ የማይመቸውን ሰው ላምጣ። ያኒስ አንቴቶኩንፖ። በ2013 ሲመረጥ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ይጫወት የነበረው በግሪክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው። የሚጠብቁት ሰዎች ቢደነግጡ እንኳ ድንጋጤያቸው ብዙ አይነግርህም፤ ደረጃው ዝቅ ያለ ነው። ታዲያ ሚልዋኪ 15ኛ ላይ ምን አይቶ ወሰደው? ክንዱ ረጅም ነው፤ መዳፉ ሰፊ ነው፤ ገና እያደገ ነበር። ይህን ሁሉም አይቷል። ግን አንድ ሌላ ነገር ነበረ። ያን በሚያህል ቁመት ኳስ እየነዳ ይወጣ ነበር፤ ማቀበልም ይወድ ነበር። ግሪክ ውስጥ ማንም ሪንግ ሥር አላሠረውም። የመጀመሪያ ዓመቱ አማካይ 6.8 ነጥብ ነው፤ ማንንም አያስደነግጥም። ከዚያ በኋላ ቁመቱም ጉልበቱም ጨመረ። በ2019 እና በ2020 የሊጉ ምርጥ ሆነ። በ2021 ሚልዋኪ ዋንጫውን ባነሳበት ጨዋታ 50 ነጥብ አገባ። በዚያው በ2013 ድራፍት 1ኛ የተመረጠው አንቶኒ ቤኔት ግን በአራት የውድድር ዓመት ውስጥ ከኤንቢኤ ወጥቷል።

ያኒስ ላይ መታየት የነበረበት የለውጡ ፍጥነት ነው። አምና የት ነበር፣ ዘንድሮ የት ነው? ጥያቄው ይህ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ መታየት አለበት፤ በመሐል ወራት አልፈው።

ዕድሜም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። 15 ዓመት ላይ ጢም ያወጣ ልጅ ሜዳው ላይ ንጉሥ ነው። ሁሉንም ይገፋል፣ ሁሉንም ያልፋል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌሎቹ ሲደርሱበት የሚሠራው ይጠፋዋል። ሲገፋ ኖሮ ማሰብ አልተማረም። ስለዚህ «ከእኩዮቹ ይበልጣል» የሚለው ወሬ ብዙ አይነግረኝም። ትክክለኛ የልደት ቀኑን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ እሱን ማግኘት እኛ ጋ አንዳንዴ ቁመት ከመለካት ይከብዳል። ቤተሰብ ላይ መፍረድ አልችልም። ውድድሩ በዕድሜ ሲከፈል ዕድሜ የሚቀነሰው ልጄ ዕድል ያግኝ ተብሎ ነው። የሚጎዳው ግን በእውነት 14 ዓመት የሆነው ልጅ ነው።

ሉካ ዶንቺች የዚህ ተቃራኒ ነው። እሱ በ19 ዓመቱ ከእኩዮቹ ጋር አልነበረም። ከሬያል ማድሪድ ጋር ከትልልቅ ሰዎች እየተጋጠመ በ2018 የዩሮሊግ ሻምፒዮን ሆነ፤ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። አውሮፓ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አይገኝም። ያም ሆኖ ሁለት ክለቦች አለፉት። ሦስተኛው፣ አትላንታ፣ መርጦ ለዳላስ ለወጠው። ፈጣን አይደለም ተባለ። እኔ በዚህ ድራፍት ዛሬም እገረማለሁ። ሙሉ ቡድን፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች፣ በ19 ዓመት ልጅ ፍጥነት እየተጫወቱ ዋንጫ በልተዋል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ቁጥር አልጠላም። አንዳንዱ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ለምሳሌ የአንድ ልጅ ባለሦስት ነጥብ (የሩቅ) ውርወራ ወደፊት ይሻሻላል ወይ ለማለት የነጻ ውርወራውን ማየት ይጠቅማል። የነጻ ውርወራ ላይ ማንም አይከላከልህም፤ እጅህ ብቻ ነው የሚታየው። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ይህ ይበልጥ ይጠቅማል። ሜዳዎቻችን ጣሪያ የላቸውም። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ ኳስ ያዞራል። ኳሱ ራሱ ተልጧል፤ አንዳንዱ ሪንግ ዘንበል ብሏል። እዚያ ላይ ከሩቅ ስንት አገባ ብሎ ልጅ መመዘን ግፍ ነው። በጠዋት፣ ንፋሱ ሳይነሳ፣ የነጻ ውርወራ እንዲወረውር አድርግ። እጁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ተስፋ አለው።

ወደ ዕድሉ ልመለስ። ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ግን መዝለል አይቻልም። በ2007 ፖርትላንድ ከዱራንት አስቀድሞ 1ኛ ላይ የመረጠው ግሬግ ኦደንን ነው። ጉልበቱ ላይ ደጋግሞ ጉዳት ደረሰበት። በኤንቢኤ የተጫወተው በጠቅላላው 105 ጨዋታ ብቻ ነው። ኦደንን መምረጥ የዓይን ስህተት አይመስለኝም፤ ሜዳ ላይ በቆመባቸው ቀናት ተከላካዮች ይፈሩት ነበር። በ1984 ሳም ቦዊን ከማይክል ጆርዳን ያስቀደመው ያው ክለብ፣ ፖርትላንድ ነው። ቦዊ ግን ኮሌጅ እያለ በእግሩ ስብራት ሁለት ዓመት ሳይጫወት ቀርቷል። ይህ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነበር። ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ ጠቅልሎ «ፖርትላንድ አይችልበትም» ማለት ልክ አይመስለኝም።

የሚገባበት ቤትም ልጁን ይሠራዋል። ካዋይ ሌናርድ በ2011 15ኛ ሆኖ ተመርጦ ሳን አንቶኒዮ ሲገባ ዲፌንስ ይችላል፣ ከሩቅ ግን አይወረውርም ይባል ነበር። ሳን አንቶኒዮ አወራወሩን አስተካከለለት። ጊዜ ሰጠው። በ2014 የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ሌላ ቤት ቢገባ ይህ ይሆን ነበር ብዬ ለመማል አልደፍርም። አንድ ልጅ ኮከብ ይሆናል ስንል ግማሹን የምንናገረው ስለሚቀበሉት ሰዎች ነው።

በቅርቡ አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ሜዳው ድረስ መጡ። ልጁ በእርግጥ ረጅም ነው። እንደ ብዙ ወላጅ ቸኩለዋል።

«ወንድሜ፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ይሄ ልጅ ይወጣዋል?»

«አባቴ፣ ዛሬ አላውቅም። ለጥቂት ወራት ይተዉልኝ።»

«ቁመቱን እያየኸው?»

«ቁመቱን አይቻለሁ። ከሌሎቹ ጋር ሲጫወት ነው ማየት የምፈልገው።»

ደስ አላላቸውም። እንደሚያሳዝን አውቃለሁ። እሳቸው ሥራቸውን ትተው ነው የመጡት፤ «አዎ» ወይም «አይ» ብላቸው ይቀላቸው ነበር። ግን ልጁን የሚጠቅመው ያ አይመስለኝም። ምልመላ በአንድ ቀን፣ በሁለት ሰዓት ሲሠራ አይቻለሁ። ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ ቁመታቸው ይለካል፣ አንድ በአንድ ሌይ አፕ ይሠራሉ፣ ዝርዝር ይወጣል። አብረው አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይጫወቱ ወደ ቤት ይላካሉ። እንዲህ ባለ ምልመላ ዮኪች አያልፍም። ያቺ አጭር ልጅም አታልፍም።

ቅዳሜ ላይ እኛ ጋ ሌላ ዓይነት ደብተር ጀምረናል። የልደት ቀን አለው። ባለፈው ወር የማይችለው፣ አሁን ግን የሚችለው ነገር ይጻፍበታል፤ ግራ እጅ፣ የነጻ ውርወራ፣ ዲፌንስ ላይ አቋቋም። ሲጫወቱ ደግሞ አንዳችን ከዳር ቆመን ኳስ የያዘውን ልጅ ትተን ሌሎቹን ብቻ እናያለን። ማን ኳስ ሲይዝ ይሮጣሉ፣ ማን ሲይዝ ይቆማሉ፣ ማን ሲይዝ ሁለተኛ ተከላካይ ይመጣል። የረጅሙ ልጅ ገጽ እስካሁን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በመጣ በሁለተኛው ቅዳሜ ግን ሪንጉ ሥር ሁለት ሰው ሲመጣበት አልወረወረም። ኳሷን ወደ ጥጉ አወጣት። የተቀበለው ልጅ ሳተ። አባትየው ከዳር ሆነው «ራስህ አታገባም ነበር?» ብለው ጮሁ። እኛ ደብተሩ ላይ ጻፍነው።